ደካማዋን ብልጭታ ያልናቀው ሰው

ማክሰኞ ማታ ነው። የእህቴ ልጅ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ፊቱን እንዳየሁ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ሐሙስ ጠዋት በኢንተርኔት፣ በቪዲዮ የሚደረግ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለው። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ካስገባቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ለቃለ መጠይቅ የጠራው ይሄ የመጀመሪያው ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ቤተሰቡ አዋጥቶ የገዛለት ባለ ትልቅ ሳጥኑ ዴስክቶፕ ዋይፋይ የሚይዘው በጭንቅ ሆኗል። ከአራቱ የሲግናል መስመሮች የምትበራው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ታይታ ትጠፋለች። ከጓደኛው ጋር በቪዲዮ ሊነጋገር ቢሞክር ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ድምፁም ተቆራረጠ።

ባለሙያ አምጥቶ ነበር። ባለሙያው እንደቆመ ስክሪኑን አየና የኔትወርክ ካርዱ ተበላሽቷል፣ አዲስ መግዛት አለብህ ብሎት ሄደ። ልጁ ወደ እኔ የመጣው ለዚህ ነበር። ጋሼ፣ ብር አበድረኝ ማለት ከብዶት ዙሪያውን ይዞራል።

ብሩ ቢኖረኝ ኖሮ ሰጥቼው እተኛ ነበር። ስላልነበረኝ ግን ካርዱ የመጣበትን ካርቶን አምጣልኝ አልኩት። ካርቶኑ ላይ ከሰፈሩት ጽሑፎች መካከል 2.4 ጊጋ ኸርዝ እና 5 ጊጋ ኸርዝ የሚሉት ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ኸርዝ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። መለኪያ ነው አለኝ። ትክክል ነው፤ አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው። ነገር ግን ከመለኪያነቱ በፊት የሰው ስም ነበር። በ36 ዓመቱ የሞተ፣ ሁለት ሴት ልጆች የነበሩት፣ ዕድሜውን ከደካማ ሲግናል ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ስም።

በዚያ ሌሊትና በማግስቱ ከልጁ ጋር ያደረግነውን ሁሉ ይህ ሰው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አድርጎት ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ የእሱን ሕይወት ላጫውታችሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሃይንሪክ ኸርዝ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በጀርመን የወደብ ከተማ በሐምቡርግ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ በኋላም የከተማዋ ሴናተር ሆኗል። እናቱ የሐኪም ልጅ ናት። ቤቱ የተደላደለ ነው። ሃይንሪክ የበኩር ልጅ ነው፤ ያውም ሁለት ዓይነት ልጅ። በአንድ በኩል መጽሐፍ የማይጠግብ፣ ቋንቋ ቶሎ የሚገባው፣ ዓረብኛ ሳይቀር የተማረ። በሌላ በኩል ደግሞ እጁ አርፎ የማይቀመጥ። ቤት ውስጥ የእንጨት መሥሪያ ጠረጴዛ ነበረው፤ የቶርኖ ሥራም ተምሯል። ከዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር መሆኑን የሰማው የቶርኖ አስተማሪው፣ እንዲህ ያለ ግሩም የቶርኖ ባለሙያ መቅረቱ ቆጭቶት ነበር ይባላል።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። የኋላ ታሪኩ ሁሉ በዚህ በእጁ ላይ የተመሠረተ ነው። ኸርዝ የሚሠራባቸውን ብዙዎቹን መሣሪያዎች ከገበያ አልገዛም፤ ሽቦውን ራሱ አጠፈ፣ ኳሱን ራሱ ገጠመ። ስለዚህም መሣሪያው ሲያስቸግረው የሚጠራው ባለሙያ አልነበረም። የእያንዳንዷን ብሎን ጠባይ ያውቃል።

በመጀመሪያ የያዘው የምሕንድስና ትምህርት ነበር። ድሬስደን ተማረ፤ የወታደር ግዳጁን በርሊን ፈጸመ፤ ከዚያ በ1877 ትምህርቱን ሊቀጥል ሙኒክ ሄደ። እዚያ እንደደረሰ ልቡ ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። ልጅ ሆኖ የቤተሰብ ገንዘብ እየበላ ትምህርት መቀየር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኸርዝ ለቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። አባቱም ፈቀደለት። በሚቀጥለው ዓመት በርሊን ገብቶ በዘመኑ ታላቅ ከሚባለው ሳይንቲስት ከሄርማን ሄልምሆልትዝ እግር ሥር ተቀመጠ፤ በ1880 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ፤ ከዚያም እስከ 1883 የሄልምሆልትዝ ረዳት ሆኖ ሠራ።

በዚያ ዘመን የፊዚክስ ሰዎችን እንቅልፍ የነሳ አንድ ጥያቄ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1860ዎቹ ኤሌክትሪክና ማግኔት ተያይዘው በባዶ አየር ውስጥ እንደ ሞገድ ሊጓዙ ይገባል፣ ፍጥነታቸውም የብርሃን ፍጥነት ነው፣ ብርሃን ራሱም ከዚሁ ወገን ነው የሚል በሒሳብ የተደገፈ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ የሚያምር ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሞገድ ሆን ብሎ አስነስቶ፣ ተቀብሎ፣ ይኸው ብሎ ያሳየ አልነበረም። ማክስዌል በ1879 በ48 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት የበርሊን ሳይንስ አካዳሚ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ለውድድር አወጣ፤ ሄልምሆልትዝም ተማሪውን ኸርዝን ሞክረው አለው። ኸርዝ ቁጭ ብሎ አሰላ። በእጁ ባለው መሣሪያ የሚገኘው ውጤት ከመታየት በታች ደካማ እንደሚሆን ገባውና ተወው። ተወው ሲባል ግን ከአእምሮው አላወጣውም።

በ1883 ኪል ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ገባ፤ በ1885 ደግሞ በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። በ1886 የሥራ ባልደረባውን ልጅ ኤልሳቤጥ ዶልን አገባ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ፣ ለተማሪዎች ማሳያ በሚያገለግሉ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ሲሠራ አንድ ነገር አየ። በአንደኛው ጥቅልል ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጠር፣ ከእሱ ጋር ባልተገናኘው በሌላኛው ላይም ብልጭታ ታየ።

ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ይሆናል። እሱ ግን ከሰባት ዓመት በፊት የተወውን ጥያቄ መፍቻ እንዳገኘ ገባው።

መሣሪያውን ሲያስቡት ቀላል ነው። በአንድ በኩል በመካከሉ ጠባብ ክፍተት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የብረት ኳስ የተገጠመለት ሽቦ አለ። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ክፍተቱ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ይሄ ማስተላለፊያው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ቀለበት የታጠፈ ሽቦ፣ እሱም ትንሽ ክፍተት ያለው። ይሄ መቀበያው ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ የለም። ሞገድ በአየር ከተጓዘ በመቀበያው ክፍተት ላይ ብልጭታ መታየት አለበት።

ታየችም። ነገር ግን ምን ዓይነት ብልጭታ! ርዝመቷ አንዳንዴ ከአንድ ሚሊ ሜትር በመቶ የተከፈሉ ጥቂት ክፍልፋዮች አይበልጥም። ክፍሉን አጨልሞ፣ ዓይኑን አስጠግቶ፣ ክፍተቱን በጥቃቅን ብሎን እያጠበበ ነበር የሚያያት። በእኛ ቋንቋ አንድ መስመር ብቻ ያለው ሲግናል ማለት ነው። የዓለም የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን፣ የሞባይልና የዋይፋይ ታሪክ የጀመረው በዚያች አንዲት መስመር ነው።

አሁን ወደ ልጁ ክፍል ልመለስ። የሚኖረው ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ራውተሩ ያለው ደግሞ ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ገና ከመግባታችን ልጁ ሶፍትዌሩን ሊያራግፍ፣ ራውተሩን ሊያጠፋ፣ ቅንብሩን ሁሉ ሊቀያይር ተነሳ። ቆይ አልኩት። ለዚህም ምክንያቴ ኸርዝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸርዝ በ1887 የመቀበያውን ብልጭታ በደንብ ለማየት እንዲያመቸው መቀበያውን በጨለማ ሳጥን ሸፈነው። ብልጭታዋ የባሰ አነሰች። ይሄ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ይበልጥ ልትታይ ሲገባት ራሷ አጠረች። ብዙ ሰው ቢሆን ሳጥኑን አንስቶ ጥሎ ወደ ዋናው ሥራው ይመለስ ነበር። ኸርዝ ግን ዋናውን ሥራ ለወራት አቁሞ ምክንያቷን ፍለጋ ገባ። ሁሉንም ባንዴ አልነካካም፤ የሳጥኑን ጎኖች አንድ በአንድ ለየ። ጥፋተኛው በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል የሚቆመው ጎን ብቻ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ቦታ ላይ ልዩ ልዩ ነገር እየቀያየረ አቆመ። መስታወት ሲያቆም ብልጭታዋ ታጥራለች፤ ኳርትዝ የሚባለውን ድንጋይ ሲያቆም አታጥርም። በመጨረሻም ጉዳዩ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን መሆኑን ደረሰበት። የመጀመሪያው ብልጭታ የሚረጨው ይህ ብርሃን ሁለተኛዋን እየረዳት ኖሯል፤ ሳጥኑ ብርሃኑን ሲጋርድባት ደከመች።

ያገኘውን ጽፎ አሳተመና ወደ ሞገዱ ተመለሰ። ያ በመንገድ ላይ ያገኘው ነገር ዛሬ ፎቶኤሌክትሪክ ኢፌክት ይባላል። አልበርት አንስታይን በ1905 ምክንያቱን አስረዳ፤ የ1921 የኖቤል ሽልማቱንም በዋናነት ያገኘው በዚሁ ነው። አንድ ሰው ሲግናሌ ለምን ደከመ ብሎ በመጠየቁ ብቻ ሌላ የፊዚክስ በር ከፈተ ማለት ነው።

እኛም ደንብ አወጣን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን፤ ከቀየርን በኋላ አይተን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ ወደ ሌላው እንሄዳለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደካማው ማነው የሚለው ነበር። ራውተሩ ነው፣ አየሩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ? ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የልጁን ስልክ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጠን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኘነው። ስልኩ ሦስት መስመር ያዘ። እንግዲያው ሞገዱ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ነው የማይቀበለው። ስልኩም እንደ ኮምፒውተሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ ፍለጋችን ወደ ራውተሩና ወደ መንገዱ በሆነ ነበር።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ጎትተን ጀርባውን አየን። ባለሙያው ያላየው ይህን ነበር። ካርዱ ከጀርባው ሁለት አንቴና የሚቀበሉ ትናንሽ ባለ ጥርስ የብረት አፎች አሉት። በአንደኛው ላይ አንቴናው ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል። ሌላኛው ባዶ ነው። የት አለ ስለው ልጁ አቀርቅሮ ከመሳቢያ አወጣው፤ ኮምፒውተሩን ከግድግዳ ሲያስጠጋ እንዳይሰበር ብሎ ነቅሎ አስቀምጦታል። ስልክ አንቴናው ከውስጥ ስለሆነ እሱም እንደ ጌጥ ነገር ነበር የቆጠረው። ሁለቱንም በእጃችን እስኪጠብቁ አሰርናቸው። በፒንሳ አይጠበቅም፤ ይሰበራል። ሁለት መስመር ሆነ።

ልጁ ደስ ብሎት በቃ አለ። እኔ ግን የኸርዝን የካርልስሩኸ አዳራሽ አስታወስኩ።

ኸርዝ ሞገዱ በእርግጥ ሞገድ መሆኑን ለማሳየት በ1888 በማስተማሪያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ትልቅ የዚንክ ቆርቆሮ ሰቀለ። ሞገዱ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል፤ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሄዳጁና ተመላሹ ይጋጠማሉ። መቀበያውን ይዞ በክፍሉ ሲንቀሳቀስ አንድ ቦታ ላይ ብልጭታዋ ትጎላለች፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ትጠፋለች፣ እንደገና ፈቀቅ ሲል ትጎላለች። የሞገድ ጠባይ ይሄ ነው። በሁለቱ የጠፋባቸው ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ የሞገዱን ርዝመት አወቀ፤ ከዚያም ፍጥነቱን አሰላ።

የዋይፋይ ሞገድም እንዲሁ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ግድግዳው፣ ቆርቆሮ ጣሪያው፣ የብረት በሩ እያነጠሩት ክፍሉ ውስጥ ጠንካራና ደካማ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወይም አንቴናውን አንድ ጣት ያህል ማንሸራተት ዋጋ አለው። አስማት አይደለም፤ ኸርዝ በሜትር እየለካ ያሳየው ነገር ነው።

ያው አዳራሽ ግን ኸርዝን አታሎታል። በአዳራሹ ግራና ቀኝ የብረት ምሰሶዎች ነበሩ። በልኬቱ ላይ ሞገዱ በሽቦ ሲጓዝና በአየር ሲጓዝ ፍጥነቱ የተለያየ ሆኖ መጣበት፤ በማክስዌል ሐሳብ ግን እኩል መሆን ነበረበት። ኸርዝ ውጤቱን አልደበቀም፣ አላስዋበምም፤ እንዳገኘው አወጣው። በ1893 የጄኔቫ ሳይንቲስቶች ሳራዛንና ደ ላ ሪቭ በጣም ሰፊ በሆነ አዳራሽ ደግመው ሲሠሩት ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ሆኑ። ጠባቡ ክፍልና በዙሪያው የነበረው ሁሉ ልኬቱን አበላሽተውት ነበር።

እኔም የልጁን ክፍል በዚህ ዓይን ቃኘሁት። ኮምፒውተሩ መሬት ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር ነው። ከጀርባው የብረት ፋይል ካቢኔት ቆሟል። አንቴናዎቹ በኮምፒውተሩ የብረት ሳጥንና በካቢኔቱ መካከል ተጣብቀዋል፤ በሁለት ብረት መካከል እንደታፈነ ሰው። ዴስክቶፕን ከላፕቶፕ የሚለየው ይሄ ነው። የዴስክቶፕ አንቴና ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ነው፤ ጀርባው ብዙውን ጊዜ ወደ ግድግዳ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ የራሱ የብረት ሳጥን ይጋርደዋል። ኮምፒውተሩን ከመሬት አንስተን ጠረጴዛ ላይ አወጣነው፤ ጀርባውንም ራውተሩ ወዳለበት አቅጣጫ አዞርነው። ሦስተኛዋ መስመር መጣች፤ ግን አልረጋችም።

ወደ ኸርዝ ልመለስ። በ1888 መጨረሻ ላይ ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የሚያምረውን ሠራ። ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የዚንክ መስታወቶች፣ ማለትም እንደ ቦይ የጎበጡ ቆርቆሮዎች፣ አሠራ። በአንደኛው ውስጥ ማስተላለፊያውን፣ በሌላኛው ውስጥ መቀበያውን አቆመ። ሞገዱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። እንደ ባትሪ ብርሃን በቀጥታ ይሄዳል፤ ብልጭታዋን እስከ 16 ሜትር ርቀት ድረስ አገኛት። ከዚያ በመንገዱ ላይ ልዩ ልዩ ነገር ያቆም ጀመር። የእንጨት በር ዘጋበት፤ ሞገዱ አልፎ ብልጭታዋ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ታየች። ብረት ጋረደበት፤ ጠፋች። ረዳቱ በመካከል ሲያልፍ ብልጭታዋ ጠፍታ፣ ሰውየው ሲያልፍ ተመልሳ ታየች። ስድስት መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ትልቅ ሦስት ማዕዘን ከቅጥራን አሠርቶ ሞገዱን በዚያ ውስጥ አሳለፈ፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ሞገዱም ታጠፈ።

ከሁሉም በላይ እኛን የጠቀመችን ግን ይህቺ ናት። ኸርዝ ማስተላለፊያውና መቀበያው ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው ሳሉ ብልጭታዋ ጎልታ ትታያለች። መቀበያውን አጋድሞ አንዱ የቆመ፣ አንዱ የተኛ ሲሆን ግን ትጠፋለች። ሞገዱ የቆመ ከሆነ የሚቀበለውም መቆም አለበት ማለት ነው።

የልጁን አንቴናዎች አየሁ። ሁለቱም ተኝተዋል። የራውተሩ ደግሞ ቆመዋል። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲነጥር አቅጣጫው ስለሚቀላቀል እንደ ኸርዝ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ይደክማል። አቆምናቸው። ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን ወደ ሰርቪስ ቤቱ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጥነው። የእንጨት መዝጊያ ለሞገድ ምንም አይደለም፤ ኸርዝ አሳይቶናል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ቆርቆሮና ብረት በር ናቸው ጠላቶቹ። ውኃም አንዱ ነው፤ ሰው የሚጋርደው አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ ነው።

ሦስቱ መስመሮች አሁን ረጉ። ይሁንና በየተወሰነ ጊዜ ባንዴ ይወርዳሉ። ደብተራችንን ስናይ የሚወርዱት ልጁ ፋይል ሲገለብጥ እንደሆነ ገባን። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ከአንቴናው አጠገብ፣ ዩኤስቢ 3 በሚባለው ፈጣን መሰኪያ የተሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነበር። እንዲህ ያለው መሰኪያና ገመድ ሲሠራ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ጫጫታ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። ዲስኩን ነቀልነው። መውረዱ ቆመ። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ የምትጠቀሙም ይህን ልብ በሉ፤ ከጀርባ ከምትሰኩት በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ራቅ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታወጡት ከብረቱም ከጫጫታውም ያመልጣል።

ሁሉም ሙከራችን ተሳካ እንዳልል። ድራይቨሩን አዘመንን፣ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አነሳን፤ በሲግናሉ ላይ ለውጥ አላየንም። ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ቀየርነው፤ ባሰበት፤ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ወደ 2.4 መለስነው። እዚያ ደግሞ የጎረቤት ራውተር ሁሉ ተጨናንቋል። በዚህ ክልል እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ብዙ ጎረቤት ያልሰፈረበትን መረጥንለት። ሲነጋጋ ተኛን።

ኸርዝ ሥራውን ሲያወጣ 31 ዓመቱ ነበር። ስሙ በአንድ ጊዜ ገነነ። በ1889 ቦን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1890 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የራምፈርድ ሜዳልያ ሰጠው። ገንዘብ ለማግኘት ግን አልሞከረም። በ1889 መጨረሻ አንድ መሐንዲስ በእነዚህ ሞገዶች የስልክ ድምፅ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀው። ኸርዝ የድምፅ ንዝረት ለዚህ በጣም ዘገምተኛ እንደሆነ፣ በእሱ ልክ መስታወት ቢሠራ አህጉር የሚያክል መሆን እንዳለበት መለሰለት። ስሌቱ አልተሳሳተም። ድምፁን በራሱ ከመላክ ይልቅ ፈጣን በሆነ ሞገድ ላይ ማሳፈር እንደሚቻል ግን በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው ያወቁት።

ይህን ለማየት ዕድሜ አላገኘም። ከ1892 ጀምሮ ከባድ የራስ ምታትና ኢንፌክሽን ያዘው። በተደጋጋሚ በቀዶ ጥገና ሞከሩት። በመሐል ሲሻለው ያስተምራል፣ የመካኒክስ መጽሐፉን ይጽፋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1894፣ ሌላው በአዲስ ዓመት ሲደሰት፣ ቦን ውስጥ አረፈ። 36 ዓመቱ ነበር። ሐምቡርግ ተቀበረ። መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ ወጣ። በዚያው ዓመት ጉሊየልሞ ማርኮኒ የሚባል ጣሊያናዊ ወጣት ስለ ኸርዝ ሥራ አነበበና ሞገዱን ለመልእክት ስለመጠቀም ማሰብ ጀመረ፤ በ1901 አትላንቲክን አሻገረው።

የቤተሰቡ ዕጣ ግን ያሳዝናል። ኸርዝ በክርስትና ያደገ ቢሆንም የአባቱ ወገን ከአይሁድ የመጣ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የሐምቡርግ ሰው በኩራት የሰቀለውን ሥዕሉን ከከተማዋ አዳራሽ አወረዱት። ሚስቱና ሁለቱ ልጆቹ አገራቸውን ጥለው እንግሊዝ ገቡ። ሥዕሉን ማውረድ ችለዋል፤ በሞገዱ ላይ የተጻፈውን ስም ግን ማንም አላነሳውም። በ1930 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ኸርዝን የመለኪያ ስም አድርጎ ተቀብሎት ነበር። ይኸው ዛሬ በእያንዳንዱ ራውተር፣ በእያንዳንዱ ስልክ ካርቶን ላይ አለ።

ሐሙስ ጠዋት የቤቱን ሰው ሁሉ ከመስኮቱ አካባቢ አራቅሁ። እህቴ ምን ሆነሃል አለችኝ። የኸርዝን ረዳት ታሪክ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም፤ ብቻ በዚያ በኩል አትመላለሱ አልኩ። ልጁ ሸሚዙን ለብሶ፣ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከደጅ ሆኜ ስሰማ ድምፁ አልተቆራረጠም።

ሥራውን ያገኝ አያገኝ እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ካርዱ ግን አልተበላሸም ነበር። ማንም ዞር ብሎ ጀርባውን አላየለትም እንጂ። ልጁ የጻፍንበትን ደብተር አልጣለውም፤ ካርቶኑን ከመሳቢያው አውጥቶ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል።